«ጠያቂ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ፍች

በዚያች ከተማ «ደህና ነህ?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው ከ«ደህና» በቀር ሌላ መልስ መስጠት ነውር ነበር። የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ስለሚጠብቀው ሕግ አላስፈለገውም። እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ሲያልፍ ከመንገድ ዳር «ደህና ዋልህ?» ይባላል። እሱም ጥርሱን ነክሶ «ደህና» ይላል፤ ተሸካሚዎቹም ስለ ራሳቸው «ደህና» ብለው ይቀጥላሉ። እኔም ባለቤቴን በቀበርሁበት ዕለት ከመቃብሩ ደጅ ለቆመው ሰው ሁሉ በየተራ ደህና መሆኔን አስታውቄ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ።

በከተማይቱ ሸንጎ ሃያ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ነበርሁ። ሥራዬ እንደራሴዎቹ የሚናገሩትን መጻፍና በአንድ ቃል ትርጉም የተለያዩ እንደሆነ ከመዝገበ ቃላቱ ፍችውን አንብቦ ማስማማት ነበር። ሳይጠይቁኝ መናገር በደንቡ የተከለከለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጠየቅ አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ከከተማይቱ ሙያዎች አንዱ ጠያቂነት ነው። ጠያቂዎቹ ዐሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። ሴት በወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ደግሞም በሰባተኛው፣ ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየወሩ እየሄዱ በር ያንኳኳሉ፤ ገብተው ይቀመጣሉ። «ደህና ናችሁ?» ይላሉ። አራሷም «ደህና» ትላለች። ሥራቸው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። ሕፃኑን በጨርቅ አንጠልጥለው ይመዝናሉ፤ የአናቱን እርግብግቢት በጣት ይዳስሳሉ፤ የውኃውን እንስራ ከፍተው ያያሉ፤ የእናቲቱን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። አንዳንዴም ምንም ሳይሠሩ ዝም ብለው አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ይህም በሙያው ውስጥ የተቈጠረ ሥራ ነበር።

የእኛ ሰፈር ጠያቂ ወይዘሮ ስንቅነሽ ነበሩ፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ቀልድ የሚያበዙ ሴት። አንድ ቀን በሸንጎው ደጅ አግኝተውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«አቶ ጸሐፊ፣ ደህና ስንት ዓይነት እንደሆነ ያውቃሉ? እኔ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ቈጥሬአለሁ።»

«በመዝገበ ቃላቱ አንድ ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያው መዝገበ ቃላቱ ወልዶ አያውቅም» ብለውኝ እየሳቁ ሄዱ።

በከተማይቱ ሕግ ማንኛውም ሙያ በየሰባት ዓመቱ በእንደራሴዎች እጅ ይታደሳል። እንደራሴዎቹ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ዐሥራ ስድስት እጅ ከወጣ ሙያው ይቀጥላል። የጠያቂዎቹ ተራ በደረሰበት ዓመት የሸንጎው መሪ ቃል «ድግግሞሽን እናስወግድ» የሚል ሲሆን፣ ይኸው መሪ ቃል በአዳራሹ በአራቱም ግድግዳዎች ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ነበር።

ሊቀ ወንበር ደርበው የጠያቂዎቹን መዝገብ በሁለት እጃቸው አንሥተው ለሁሉም አሳዩ። «ይህ የሰባት ዓመት ሥራቸው ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ደህና። ደህና። ደህና። ከዚህ የባሰ ድግግሞሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። መዝገቡ የሚጠይቀው ጠያቂዋ ስትወጣ ቤቱ እንዴት እንደ ነበር ብቻ ነው፤ ስትገባ እንዴት እንደ ነበር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ይህን አውቅ ነበር፤ መዝገቡን ያሰመርሁት እኔ ነኝና። ግን አልተጠየቅሁም።

የእኛ ሰፈር እንደራሴ አቶ ጌጤነህ ተነሡ። ጨዋታ አዋቂ ሰው ስለ ነበሩ ገና ሲነሡ አዳራሹ ለሳቅ ይዘጋጅ ነበር። «ክቡር ሊቀ ወንበር፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ጠያቂው ዐሥራ ዘጠኝ መሆኑ ምን ይባላል? ለመሆኑ ጠያቂ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጸሐፊ፣ ፍችውን» አሉኝ ሊቀ ወንበሩ።

መዝገበ ቃላቱን ገለጥሁ። ቃሉ ሁለት ፍች ነበረው። የሸንጎው ደንብ ግን የሚቀበለው የመጀመሪያውን ፍች ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ፍች ክርክር ያስነሣል ተብሎ ከብዙ ዘመን በፊት ተሽሯል። ስለዚህ ቆሜ አነበብሁ፦ «ጠያቂ፤ የሚጠይቅ፤ መልስ ፈልጎ ቃል የሚያቀርብ።» ጣቴ በሁለተኛው ፍች ላይ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«በቃ!» አሉ አቶ ጌጤነህ። «ሥራው ቃል ማቅረብ ከሆነ መግባት ለምን ያስፈልጋል? ባለ ጥሩምባው ይመኑ የጠፋ አህያ በየመንገዱ እየጠየቀ ያገኝ የለም? እኛንም ይጠይቀን!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በደንቡ መሠረት ሙያቸው የሚመረመር ሰዎች ከደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የሚገቡት የሚጠይቃቸው ሲገኝ ነው። ዐሥራ ዘጠኙም ሴቶች ከጧት እስከ ቀትር በፀሐይ ቆሙ። ጠያቂዎቹን የጠየቀ አልነበረም።

ውሳኔውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሁለት አንቀጽ ነበረው፦ ከእንግዲህ ከተማይቱን ባለ ጥሩምባው ይጠይቃል፤ ድግግሞሽንም ለመከላከል ሌላ ማንም ሰው ለመጠየቅ ብሎ የማንንም በር አያንኳኳም። ውሳኔውን ደግፎ ሠላሳ አንዱም እጅ ወጣ። የእጅ ጽሕፈቴ ያን ዕለት በተለይ አምሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ይመኑ ሰኞና ሐሙስ ጧት የቆርቆሮ ጥሩምባውን ይዞ በየመስቀለኛው መንገድ ይቆም ጀመር። «ደኅኅኅና ናችሁ?» ይላል። ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ደህና!» ይላሉ። እሱም የየቤቱን መልስ ለእኔ ያመጣል፤ እኔም እመዘግባለሁ። በመጀመሪያው ወር ከተማይቱ በሙሉ ደህና ሆነች። በሁለተኛው ወር ባዶ ቤቶችም ይመልሱ ጀመር፤ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ዝም ማለት ነውር ነዋ። የተቃጠለ ቤት ነበር፤ ከፍርስራሹ ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች ተባብረው ደህና አሉለት። አንድ ዲዳ አናጢ መልስ ባለመስጠቱ «ያልተባበረ» ተብሎ ተመዘገበ። ሸንጎው ከተማይቱን አመሰገነ፤ ለይመኑም የሚበልጥ ጥሩምባ እንዲሠራለት ወሰነ።

በሦስተኛው ወር ከእኔ ቤት አራት ቤት አልፎ ድንኳን ተተከለ። የሃያ ቀን ሕፃን ሞቶ ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ይመኑ በመስቀለኛው መንገድ ቆሞ ጠየቀ፤ ከድንኳኑም ውስጥ፣ የለቅሶው ድምፅ ለአንድ አፍታ ጋብ ብሎ፣ «ደህና» የሚል መልስ መጣ። እኔም መዘገብሁ። ብዕሬ ግን ከቃሉ መጨረሻ ላይ ዘገየች፤ የአንዲት ጠብታ ያህል ቀለም ፈሰሰ። ልጄ አይናዲስ በዚያው ሳምንት ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

አይናዲስ ብቸኛ ልጄ ናት። ባሏ የጨው ነጋዴ ስለ ሆነ ወደ ቆላ ወርዶ ነበርና የወለደችው እኔ ቤት ነው። ሴት ልጅ ተገላገለች። ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ ሰባተኛውም አለፈ፤ በሩን ያንኳኳ አልነበረም። እኔም ጧት ወደ ሥራ ስሄድና ማታ ስገባ ከጓዳው ደፍ ላይ ቆሜ እጠይቃት ነበር።

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ሕፃኗስ?»

«ደህና ናት። ተኝታለች።»

ሁልጊዜ ተኝታ ነበር። በአንዲት ድመት ልክ እንኳ አትጮህም። ቤቴ ከመውለዷ በፊት እንደ ነበረው ጸጥ ያለ ነበር፤ መጽሐፌን ሳነብ የሚረብሸኝ አልነበረም። ይህን እንደ በረከት ቈጠርሁት። ነገር ግን ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ ማንበብ አቃተኝ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ከሸንጎው ተነሥቼ ያለ ጉዳይ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ ደፉ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ «ደህና» እባላለሁ፤ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ ሳለሁ መልሱን በልቤ እየደጋገምሁ አዳምጠዋለሁ። ምንም ስሕተት አላገኝበትም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ጧት፣ ይመኑ በአዲሱ ጥሩምባ ጠየቀ። ልጄ ከጓዳ ሆና «ደህና» ስትል ሰማሁ። ቃሉ ሙሉ ነበር። ከመናገሯ በፊት ግን ረጅም ትንፋሽ ነበረ፤ ከባድ እቃ ሊያነሣ ጐንበስ ያለ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት። ሸንጎ ገብቼ የቤቴን መልስ ልመዘግብ ብዕሬን አነሣሁ። አልጻፈልኝም። ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ወይዘሮ ስንቅነሽ ከሸንጎው አጥር ጥግ ቆመው ነበር። ከተሻሩ ጀምሮ በየጧቱ እዚያ ይቆማሉ፤ የሚጠይቃቸው ሲገኝ ለመግባት።

«አቶ ጸሐፊ፣ ልጅዎ በሰላም ተገላገለች አሉ።»

«ደህና ናት።»

«በደጅዎ በየቀኑ አልፋለሁ። የሕፃኗን ልቅሶ ግን ሰምቼ አላውቅም።»

«ጨዋ ልጅ ናት» አልሁ።

ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። «ሕፃን ጨዋ አይሆንም፣ አቶ ጸሐፊ።»

«ምን ላድርግ? ጠይቄያታለሁ። በየቀኑ እጠይቃታለሁ።»

«ደህና ነሽ ብለው አይጠይቋት። ለዚያ መልሱ ከእናቷ ማኅፀን ይዛው የወጣችው ነው። ዛሬ ስንት የሽንት ጨርቅ ቀየርሽ ይበሏት። የሚመልሱት በቍጥር ነው፤ ቍጥር ደግሞ ይሉኝታ የለውም።»

«እርስዎ ራስዎ አይመጡም?»

«የእርስዎን በር እንዳላንኳኳ የከለከለኝ ጽሑፍ የማን እጅ እንደሆነ ያውቁታል። ደግሞ እንዴት ያለ ግሩም እጅ ነው!»

ቤቴ ድረስ ሮጥሁ፤ ከተማሪነቴ ወዲህ ሮጬ አላውቅም ነበር። የጓዳውን ደፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻግሬ አልጋው አጠገብ ተቀመጥሁ።

«አይናዲስ፣ ዛሬ ስንት የሽንት ጨርቅ ቀየርሽላት?»

አፏን ከፈተች። የለመደችው ቃል ለጥያቄው አልገጠመላትም። ዘወር ብላ ግድግዳውን አየች።

«አንድም።»

«ትናንትስ?»

«አንድ። አባዬ፣ አትጠባልኝም። ጡቴ ድንጋይ ሆኗል። ይበርደኛል፣ ደግሞ ያቃጥለኛል። ሳያት የሌላ ሰው ልጅ ትመስለኛለች። እንዲህ ብዬ ለማን እላለሁ?» አለችና አለቀሰች፤ ሕፃኗ ግን በዚያ ሁሉ ድምፅ አልነቃችም። የዐይኗን ሽፋን በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

እንግዲህ በሕይወቴ ሙሉ ሕግ አክባሪ ነኝ፤ ያን ዕለትም ሕግ አልጣስሁም። መዶሻ አምጥቼ የውጭ በሬን የማጠፊያ ሚስማሮች አንድ በአንድ አወጣሁ። በሩን አንሥቼ ከግድግዳው አስደገፍሁት። ውሳኔው የሚከለክለው ማንኳኳትን ነው፤ በር በሌለበት ማንኳኳት የለም። ወይዘሮ ስንቅነሽ ተከትለውኝ መጥተው ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሕግ ሲጽፉ ኖረው ዛሬ ገና አነበቡት» አሉና ገቡ።

«ደህና ናችሁ?» አላሉም። ሕፃኗን ልብሷን አውልቀው በእናቷ ደረት ላይ አስተኙአት። የልጄን ጡት በሙቅ ውኃ በራሰ ጨርቅ እያሹ ወተቱን በስኒ አለቡ፤ በማንኪያ ጠብታ በጠብታ ለሕፃኗ አንቈረቈሩላት። እጃቸው አልቸኰለም፤ ዐይናቸው ግን ይቸኩል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጋሪ ይጥሩ፤ ወደ ሐኪም ቤት። አሁን። ነገ አይሆንም» አሉኝ። ሐኪሙ ሕፃኗን እንዳየ «ነገ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረ፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አልፈጸመውም። እኔ የተጓደለ ዐረፍተ ነገር አልወድም፤ ያንን ግን እንዲፈጸም አልጠየቅሁም።

በአምስተኛው ቀን የልጅ ልጄ ጮኸች። ድምፅዋ ሰፈሩን አወከ። መጽሐፌን መክደን ግድ ሆነብኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእንደራሴ ወደ እንደራሴ ስዞር ሰነበትሁ። የጠያቂዎቹ ሙያ እንዲመለስ ይደግፉ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኋቸው። ሠላሳ አንዱም «እንዴታ! ከልባችን እንደግፋለን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ለወይዘሮ ስንቅነሽ ነገርኋቸው።

«ይህ ዐሥረኛው ደህና ነው» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሸንጎው ተሰበሰበ፤ የተሰበሰበው ግን በሬን ስለ ነቀልሁ ነው። ሊቀ ወንበር ደርበው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጸሐፊ፣ በር ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ። አነበብሁላቸው፦ «በር፤ መግቢያ፤ መውጫ።» ቃሉ ስለ ሳንቃ የሚለው ነገር እንደሌለው፣ እኔም የነቀልሁት ሳንቃውን ብቻ እንደሆነ ሲያውቁ ግራ ተጋብተው ተያዩ። መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥሁም። ገጹን ገለበጥሁ።

«ሳልጠየቅ ነው የምናገረው» አልሁ። «ያን ጊዜ ያላነበብሁላችሁ ሁለተኛ ፍች ይኸውና፦ ጠያቂ፤ የታመመን፣ ያዘነን፣ የወለደችን ከቤቱ ሄዶ የሚያይ። እናንተ የሻራችሁት የመጀመሪያውን ነው። ሴቶቹ ይሠሩት የነበረው ሁለተኛውን ነው።»

«ከሥርዓት ውጪ!» አሉ ሊቀ ወንበሩ። «አንድ ጊዜ የተነበበ ፍች እስከ ሰባተኛው ዓመት አይነካም። ደግሞስ ምን ጐደለ? ከተማው ሁሉ ደህና ነው።»

«እርሱስ ልክ ነው» አሉ አቶ ጌጤነህ ፈገግ ብለው። «የእኛ ጸሐፊ አያት ሆነና ጨርቅ ማጠብ በዛበት መሰል!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አቶ ጌጤነህ ምራታቸው ከወለደች ዐሥር ቀን እንደ ሆናት አውቅ ነበር፤ ያ ቤት በጥሩምባው «ደህና» ማለቱንም የመዘገብሁት እኔ ነኝ።

«አቶ ጌጤነህ፣ ምራትዎ ሕፃኑን ትናንት ስንት ጊዜ አጠባችው?» አልሁ።

አፋቸውን ከፈቱ። የአዳራሹ ሳቅ የእርሳቸውን ቀልድ እየጠበቀ ነበር። ቀልዱ አልመጣም። ሌላም የለመዱት ቃል ነበር፤ እሱም ለጥያቄው አልገጠመላቸውም።

«አላውቅም» አሉ።

«ሲያለቅስስ ሰምተው ያውቃሉ?»

ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በእጃቸው አዟዟሩት። «ጨዋ ልጅ ነው እያልን ነበር» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፤ ባርኔጣውንም ሳያጠልቁት ወጡ። ከደጅ ሲሮጡ ኮቴያቸው ተሰማን።

ጥያቄዬ ከሥርዓት ውጪ ስለ ሆነ ከመዝገብ እንዲፋቅ ታዘዝሁ፤ ፋቅሁት። «አላውቅም» የሚለውን ግን እንዳልፍቀው ደንቡ ራሱ ከለከለኝ፤ እንደራሴ በሸንጎ የተናገረው አይፋቅምና። በዚያ መዝገብ ውስጥ ቃሉ ከእንደራሴ አፍ የተጻፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሊቀ ወንበሩም የጠያቂዎቹ ጉዳይ እስከ ሰባተኛው ዓመት እንደማይነሣ አስታውቀው ጉባኤውን ዘጉ። የቀረው ጊዜ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ነበር።

በማግስቱ ጧት ወደ ሥራ ስሄድ በአቶ ጌጤነህ ደጅ አለፍሁ። በራቸው ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። ከውስጥ የወይዘሮ ስንቅነሽ ጎርናና ድምፅ ይሰማል። አቶ ጌጤነህ መዶሻቸውን እንደ ያዙ ደፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ደህና አደሩ?» አልኋቸው ከልማድ የተነሣ።

ቀና ብለው አዩኝና መልስ አልሰጡኝም። መንገዴን ቀጠልሁ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ ከሠላሳ አንዱ እንደራሴዎች የዐሥራ ሰባቱ ቤት በር አልነበረውም።